ከቃኘው ጣቢያ እስከ ብሪክስ፦ የኃያላን ፉክክር ለኢትዮጵያ ምን ሰጠ፣ ምንስ ወሰደ?

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የውጭ ግንኙነት ያልተለመደ ቀን ነበር። የብሪክስ አባልነቷ በዚያ ዕለት ሥራ ላይ ዋለ፤ በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ላይ ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በርን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሰባት ወር እንዳለፈ፣ በሐምሌ 2016፣ መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቆ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አገኘ። አንደኛው እርምጃ ከሞስኮና ከቤጂንግ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል፤ ሌላው የዋሽንግተን ድምፅ ከሁሉም ከሚከብድበት ተቋም ጋር ያስተሳስራል። ብዙ ሰው ታዲያ "የማን ወገን ነን?" ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም።

ጥያቄው ግን በሁለት የተሳሳቱ ግምቶች ላይ ቆሟል። የመጀመሪያው፣ አንድ አገር ከአንድ ኃያል ጋር ከተወዳጀ የዚያ ኃያል ጦር ጋሻው ይሆናል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በ1969 ዓ.ም. አሜሪካ ከዳችን፣ ሶቪየት ኅብረት ደግሞ አዳነችን፣ ነገሩም በዚህ ያልቃል የሚለው ነው። ሁለቱንም ለመመርመር ወደ ቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን መመለስ ግድ ይላል። በጥሊሊ፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ለሚኖር አንባቢ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የአባይ ተፋሰስ ሁለቱ ኃያላን እኩል ከተፎካከሩባቸው የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ነው።

ቃል ኪዳን እና ልውውጥ

የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት፣ ኔቶ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1949 በ12 አገሮች ተመሠረተ። ጉልበቱ ያለው በአምስተኛው አንቀጹ ላይ ነው፤ በአንድ አባል ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1955 ወደ ኔቶ ስትገባ፣ ቀናት ሳይቆጠሩ ሶቪየት ኅብረትና የምሥራቅ አውሮፓ አጋሮቿ የዋርሶን ስምምነት ፈረሙ። ሁለቱ ጎራዎች በአውሮፓ ምድር ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ የኑክሌር መሣሪያ ስላላቸው ግን እዚያ በቀጥታ መዋጋት አልደፈሩም። ፉክክሩ ወደ እስያ፣ ወደ አፍሪካና ወደ ላቲን አሜሪካ የፈሰሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ የየትኛውም ጎራ አባል ሆና አታውቅም። ከአሜሪካ ጋር ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ልውውጥ ነበር፤ አሜሪካ አሥመራ ላይ ለ25 ዓመት ቃኘው የተባለውን የመገናኛ ጣቢያ ታገኛለች፣ ኢትዮጵያ ደግሞ መሣሪያና ሥልጠና ታገኛለች። "ብትጠቂ እዋጋልሻለሁ" የሚል ግዴታ በውስጡ አልነበረም። ከሶቪየት ኅብረት ጋር ኅዳር 11 ቀን 1971 ዓ.ም. የተፈረመው የ20 ዓመት የወዳጅነትና የትብብር ውልም ቢሆን፣ አደጋ ሲመጣ ሁለቱ ወገኖች ይመካከራሉ ከማለት አላለፈም።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በቃል ኪዳን የታሰረ አገር የሚጠበቀው አባል ስለሆነ ነው። በልውውጥ የተሳሰረ አገር የሚጠበቀው ግን የሚሰጠው ነገር እስካስፈለገ ድረስ ብቻ ነው። በጎራዎቹ ውስጥም ቢሆን አባልነት ፍጹም ዋስትና አልሆነም። የሶቪየት ታንኮች እ.ኤ.አ. በ1956 ሃንጋሪ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የዋርሶ ጦር የራሱን አባል ቼኮዝሎቫኪያን ወረረ፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1966 ከኔቶ የተቀናጀ የጦር ዕዝ ወጣች። ቻይናና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1969 በድንበራቸው ላይ ተታኮሱ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ላይ ከማኦ ጋር ተጨባበጡ። ርዕዮተ ዓለም የጋራ ቋንቋ ነበር፤ አሰላለፉን የሚወስነው ግን የየአገሩ ጥቅም ነበር።

ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ

ኢትዮጵያ በዘመናዊ ታሪኳ ደጋፊ ስትቀይር የ1969ኙ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር ነበሩ። በኮሎኔል ዊንጌት የተመራው ጦር ከጎጃም ዐርበኞች ጋር ተደርቦ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው መስመር ወረደ፤ ዛሬ ጥሊሊ ያለችው በዚሁ መስመር ላይ ነው። የጣሊያን ጦር ከጎጃም የተባረረው በዚህ ትብብር ነው።

ድሉ ግን ዋጋ ነበረው። በ1934 ዓ.ም. የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት ለእንግሊዝ በአስተዳደር፣ በገንዘብና በጦር ጉዳይ ሰፊ እጅ ሰጠ፤ ኦጋዴንም በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚዛን የሚያስጠብቅ ሌላ ወዳጅ ፈለጉ። በየካቲት 1937 ዓ.ም. ስዊዝ ቦይ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። በ1945 መጀመሪያ ኤርትራ በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፣ የመሣሪያው ስምምነትም በዚያው ዓመት ተፈረመ።

እያንዳንዱ እርምጃ ስሌት ነበረው። አንድን ኃያል በሌላ ማመጣጠን፣ ወታደር ልኮ ከበሬታ መግዛት፣ ከፍ ባለው የአሥመራ ምድር ለሬድዮ ሞገድ የሚመች ሥፍራን በመሣሪያ መለወጥ። አሜሪካ በ1952 ዓ.ም. 40,000 ወታደር ያለውን ጦር ለማስታጠቅ ተስማማች፤ በኋላም ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶችን ሰጠች። ለረጅም ጊዜ አሜሪካ ለአፍሪካ ከሰጠችው ወታደራዊ እርዳታ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው ኢትዮጵያ ነበረች።

ሁለቱ ኃያላን በአንድ ተፋሰስ

ፉክክሩ ለኢትዮጵያ ያተረፈው ነገር በግልጽ የሚታየው በአባይ ተፋሰስ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 ለግብፅ የአስዋን ግድብ ልትሰጥ የነበረውን ገንዘብ ከለከለች፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ሶቪየት ኅብረት በእሷ ቦታ ገባች። የናይል ፖለቲካ የሁለቱ ጎራዎች ጉዳይ ሆነ። አሜሪካ ፊቷን ወደ ላይኛው ተፋሰስ መለሰች፤ የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. አባይን ከነገባሮቹ አጠና። ውኃው ተለካ፣ አፈሩ ተመረመረ፣ የመስኖና የኃይል ቦታዎች ተለዩ። በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ እና በሱዳን ድንበር አጠገብ አንድ፣ በድምሩ አራት ትልልቅ ግድቦች ተጠቆሙ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ብቻ አልቆሙም። በ1951 ዓ.ም. ሞስኮን ጎበኙና 400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመለሱ። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ የተሠራው በሶቪየት ድጋፍ ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ትብብር ተቋቋመ፤ በኋላ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት ሆነ። በተቀራራቢ ዓመታት አንደኛው ኃያል ወንዙን ለካ፣ ሌላው በሐይቁ ዳር ትምህርት ቤት ሠራ። ሁለቱም የመጡት አንዱ ለሌላው ቦታ እንዳይለቅ ስለፈለጉ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ አንዱን ሳታስቀይም ከሌላው ለመቀበል የሚያስችል ቦታ ነበራት፤ ከገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ መሥራቾች ጋር እ.ኤ.አ. በ1961 ቤልግሬድ መገኘቷም ይህንኑ ያገለግል ነበር።

በምሥራቁ በኩል ግን ያው ፉክክር አደጋ ይወልድ ነበር። ሶማሊያ በ1956 ዓ.ም. ምዕራባውያን ያቀረቡላትን አነስተኛ የመሣሪያ እርዳታ ትታ የሶቪየትን የ30 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት መረጠች። ለአንዱ ጎራ ሚዛን ለመጠበቅ የተሰጠ መሣሪያ ለሌላው ጎራ ተጨማሪ መሣሪያ ለመስጠት ምክንያት ሆነ። ሁለት ደሃ ጎረቤታሞች በሁለት ሀብታሞች ወጪ ታጠቁ።

አሰላለፉ ለምን ተገለበጠ?

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. መካከል በአፍሪካ ቀንድ የሆነው ነገር በቀዝቃዛው ጦርነት ብዙም አይታይም፤ ሁለት ጠላት አገሮች ደጋፊዎቻቸውን ተለዋወጡ። አራት ምክንያቶች ተደራርበው ነው።

አንደኛ፣ የቃኘው ጣቢያ ዋጋ ወደቀ። የሳተላይት መገናኛ ሲስፋፋና አሜሪካ በሕንድ ውቅያኖስ ዲዬጎ ጋርሲያን ስታቋቁም አሥመራ የግድ አስፈላጊነቷን አጣች። ውሉ በ1970 ዓ.ም. የሚያበቃ ነበር፤ ዋሽንግተን ለማደስ አልቸኮለችም።

ሁለተኛ፣ የአሜሪካ የውስጥ ፖለቲካ ተለወጠ። ከቬትናም በኋላ ኮንግረሱ ለውጭ ጦርነት ጥርጣሬ አደረበት፤ ፕሬዚዳንት ካርተርም ሰብዓዊ መብትን የፖሊሲያቸው አካል አደረጉ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን የተካው ወታደራዊ መንግሥት፣ የደርግ፣ ሊቀመንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገደሉና መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ጠቀለሉ። በቀጣዩ የካቲት አሜሪካ ለኢትዮጵያ የምትሰጠውን እርዳታ እንደምትቀንስ አስታወቀች።

ሦስተኛ፣ የደርግ ፍላጎት አሜሪካ ልትሰጥ ከፈቀደችው በላይ ነበር። በኤርትራ ጦርነት፣ በከተሞች ደም መፋሰስ፣ በምሥራቅ የሶማሊያ ዝግጅት ነበር። ደርግ በታኅሣሥ 1969 ከሞስኮ ጋር የመጀመሪያውን የመሣሪያ ስምምነት በምሥጢር አድርጎ ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 1969 የቃኘውን ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ተቋማትን ዘጋ።

አራተኛ፣ ሶቪየት ኅብረት ሁለቱንም አገሮች እይዛለሁ ብላ አሰበች። በመጋቢት 1969 ፊደል ካስትሮ ኤደን ላይ መንግሥቱንና የሶማሊያውን መሪ ሲያድ ባሬን አቀራርበው ሶሻሊስት ኅብረት እንዲመሠርቱ ሞከሩ። ሙከራው ከሸፈ። ሶማሊያ በሐምሌ ኦጋዴንን ወረረች፤ በመስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች፤ ኅዳር 4 ቀን ሲያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረሩ። ሞስኮ በአየርና በባሕር 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት መሣሪያ አፈሰሰች፤ ከ15,000 የማያንሱ የኩባ ወታደሮች መጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድሉ ተጠናቀቀ።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ያ መሣሪያ ባይመጣ የአገሪቱ ምሥራቅ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አይከብድም፤ የሶቪየትና የኩባ ድጋፍ የአገርን ዳር ድንበር በማስጠበቅ ወሳኝ ድርሻ ነበረው። ሆኖም የሰማዩን የበላይነት ያስገኙት በአሜሪካ ኤፍ-5 ላይ የበረሩ፣ ለዓመታት የሠለጠኑ የኢትዮጵያ አብራሪዎች ናቸው። ያ ችሎታ በወራት ውስጥ የተገኘ ሳይሆን ከ20 ዓመት በላይ የተጠራቀመ ነው። መሣሪያ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ሙያ ግን በአገር ውስጥ ካልተገነባ ከየትም አይመጣም።

ሒሳቡ የተከፈለው በማን ነው?

ከድሉ በኋላ ያለው 13 ዓመት የልውውጡን ሌላ ፊት ያሳያል። አሜሪካ በነሐሴ 1972 የበርበራን ወደብ ለመጠቀም ከሶማሊያ ጋር ተስማማች፤ ሶቪየት ኅብረት በዳህላክ ደሴቶች የባሕር ኃይል ሥፍራ አገኘች። ወደ ኢትዮጵያ የገባው መሣሪያ በአብዛኛው በዱቤ ነበር፤ ዕዳው በቢሊዮኖች ዶላር ደረሰ፣ ከዓመታት በኋላም ሩሲያ አብዛኛውን ሰረዘችው። የሰው ዕዳ ግን አይሰረዝም። በሚሊሺያ ምልመላ፣ ቀጥሎም በ1975 ዓ.ም. በታወጀው የብሔራዊ ውትድርና ግዳጅ፣ ከገበሬ ቤት የወጡ ወጣቶች ወደ ሰሜን ሄዱ። የጎጃም ቤተሰቦችም የዚህ ኪሣራ ተካፋዮች ናቸው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የጎራዎቹ ሚና ቁልጭ ብሎ ታየ። ከሶቪየት ኅብረት በዋናነት የመጣው መሣሪያና የማጓጓዣ አውሮፕላን ነበር፤ ከእህሉ ትልቁን ድርሻ የላኩት አሜሪካና ሌሎች ምዕራባውያን ነበሩ። ያም ሆኖ በጎራዎች መካከል ያለው ግንብ የተሰነጠቀ ነበር። የኔቶ መሥራች የሆነችው ጣሊያን በሶሻሊስቱ ደርግ ዘመን በመተከል የጣና በለስን ፕሮጀክት በገንዘብ ደግፋለች።

የመጨረሻው ፍጥነት ትምህርት ይሰጣል። ጎርባቾቭ ወደ ሥልጣን ሲመጡ የሞስኮ ዋና ጉዳይ ከዋሽንግተን ጋር መታረቅና የራሷን ኢኮኖሚ ማዳን ሆነ። በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ የሶቪየት መኮንኖች ሳይቀሩ ተማረኩ፤ ሞስኮ የመሣሪያ ስምምነቱን እንደማታድስ ግልጽ አደረገች፤ ኩባዎች ወጡ። መንግሥቱ በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ቢያውጁም ጊዜው አልፎ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ በኢሕአዴግ እጅ ወደቀች፤ በ34ኛው ቀን የዋርሶ ስምምነት ራሱ ፈረሰ። የአሜሪካ ወዳጅ ሆነው የነበሩት ሲያድ ባሬም ከአራት ወር ቀደም ብለው ሞቃዲሾን ለቀው ሸሽተዋል። አንዱ በተሸናፊው፣ ሌላው በአሸናፊው ወገን ነበር፤ ሁለቱም መንግሥታት በአንድ ዓመት ወደቁ። ኃያላኑ ሲታረቁ ሥፍራው ዋጋ አጣ፤ በሥፍራው ዋጋ የቆመ መንግሥትም አብሮ ወደቀ።

ዛሬ ምን ተለወጠ?

ብሪክስ ወታደራዊ ቃል ኪዳን አይደለም። የጋራ ዕዝም፣ የጋራ መከላከያ አንቀጽም የለውም፤ ሕንድና ቻይና በድንበር እየተፋጠጡ አብረው አባል ናቸው። ኔቶ በአንጻሩ ከዩክሬን ጦርነት በኋላ ፊንላንድንና ስዊድንን ጨምሮ ወደ 32 አባላት አድጓል። ስለዚህ "ኔቶ በአንድ በኩል፣ ብሪክስ በሌላ በኩል" የሚለው ሥዕል የዛሬውን ዓለም አያሳይም።

በቀጠናችን የተለወጠው የተጫራቾች ብዛት ነው። በጂቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያን፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም የቻይና ጦር ሠፈሮች ተጎራብተዋል። የባሕረ ሰላጤው አገሮችና ቱርክ በወደብ፣ በገንዘብና በመሣሪያ ገብተዋል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሩሲያም ከቱርክም ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ፈርማለች። ከሶማሊላንዱ ሰነድ በኋላ ግብፅ ከሶማሊያ ጋር የመከላከያ ስምምነት አደረገች፤ ውጥረቱን በታኅሣሥ 2017 አንካራ ላይ ያረገበችው ቱርክ ናት። 

ያልተለወጠው ደግሞ የልውውጡ ባሕርይ ነው። አሜሪካ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ከሕዳሴ ግድብ ጋር በተያያዘ ከፊል እርዳታዋን አገደች፤ በ2014 ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አስወጣች። ወንዙን አጥንታ ግድብ ይሠራበት ያለችው አገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በዚያው ወንዝ ጉዳይ ጫና አደረገች። ጥናቱ ግን በእጃችን ቀርቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ያረፈው ያ ጥናት በድንበሩ አጠገብ ከጠቆመው ሥፍራ አካባቢ ነው፤ የተሠራውም በዋናነት በኢትዮጵያውያን ገንዘብ ነው። ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥም ዕውቀቱን መልሶ ሊወስድ አልቻለም።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ዓለም እንደገና በሁለት ጎራ መከፈል ነው። በዋሽንግተንና በቤጂንግ መካከል ያለው ፍጥጫ ከከረረ፣ በቴክኖሎጂ፣ በክፍያ ሥርዓትና በወደብ ላይ "ከእኔ ወይም ከእሷ" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለኢትዮጵያ ይህ ለጊዜው የመደራደሪያ ጉልበት ይሰጣል፤ የ1956ኙ ዓይነት የጎረቤታሞች የመሣሪያ እሽቅድምድምም ሊመልስ ይችላል።

ሁለተኛው የዛሬው ብዙ ማዕከል ያለው ሁኔታ መቀጠሉ ነው። ከሁሉም መውሰድና ከሁሉም ጋር መነጋገር ይቻላል። ችግሩ ስምምነቶች በበዙ ቁጥር አንዱ ሌላውን መቃረኑ ነው፤ የመካከለኛ ኃይሎች ፉክክርም እንደ ትልልቆቹ ሕግና ልምድ የለውም። ለመተንበይ ከባድ ነው፣ በቅርብ ዓመታት ግን የመሆን ዕድሉ ከሦስቱ የሚበልጠው ይኸው ነው።

ሦስተኛው የታላላቆቹ ድንገተኛ መስማማት ነው። የ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው፣ ለደካማ አገር ከሁሉ የሚያስፈራው ይኼ ነው፤ ፉክክሩን የገቢ ምንጭ ያደረገ መንግሥት በአንድ የመሪዎች ስብሰባ ዋጋውን ያጣል።

በሦስቱም መንገዶች የኢትዮጵያን አቅም ከውጭ አሰላለፍ ይልቅ የሚወስነው የውስጥ ሁኔታዋ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ደጋፊ የለወጠው ከጥንካሬ ተነስቶ ሳይሆን በየአቅጣጫው ተወጥሮ ነው፤ የተወጠረ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልልን የሚያደማው ግጭት፣ ከእሱ በፊት የነበረው የሰሜኑ ጦርነትም፣ አገሪቱን በዚሁ መንገድ አዳክመዋል። በቤቱ ሰላም የሌለው አገር በውጭ ድርድር ላይ ፈላጊ ሆኖ ይቀርባል፤ የመሣሪያ ሻጭም ይህን ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ማጠቃለያ

የ70 ዓመቱ ልምድ የሚሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው። ከኃያላን ፉክክር ኢትዮጵያ ያገኘችው ጥቅም እውነተኛ ነበር፤ ድንበር አስጠብቃለች፣ ጦር ገንብታለች፣ ትምህርት ቤትና ጥናት አግኝታለች። ነገር ግን በመሣሪያ መልክ የተከፈላት በተከታዩ ጦርነት አለቀ፤ በዕውቀትና በተቋም መልክ የተከፈላት ሦስት መንግሥታትን ተሻግሮ ዛሬም ያገለግላል። የደጋፊ ውል ከደጋፊው ጥቅም በላይ ዕድሜ ኖሮት አያውቅም።

ከዚህ የሚከተለው ፖሊሲ ለማንም ጎራ ሙሉ በሙሉ አለመሰጠት፣ የሥፍራችን ዋጋ ከፍ ባለበት ጊዜ ከጥይት ይልቅ ሥልጠና፣ የምርምር ተቋምና ቴክኖሎጂ መጠየቅ፣ ስምምነቶችን በምክር ቤት አስመርምሮ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ነው። ከሁሉም በፊት ግን በአገር ውስጥ ያለውን ጠብ በንግግር መፍታት ይገባል። በጥሊሊም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ ዜጋ መንግሥቱን "ከማን ጋር ወገንክ?" ብሎ ብቻ አይጠይቅ። "በምን ለወጥከን? ወዳጁ የሄደ ዕለት በእጃችን ምን ይቀራል?" ብሎም ይጠይቅ።